ወይን በእንሰት ጓሮ

ወይን በአገራችን እንግዳ ተክል አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ሲዘጋጅ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በጣና ምሥራቅ፣ በእንፍራዝ አካባቢ ባለው ካሮዳ ወይን ጠጅ ይጠመቅ እንደነበር ጽፏል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በዝዋይም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ባስተከለው እርሻ በ2014 የመጀመሪያውን ምርት ለገበያ አቀረበ። እንግዲህ ወይን በዋናነት የቆመው በመንበር ወይም በፋብሪካ ጥላ ሥር ነው። ለማዕድ የሚሆን ወይን በጓሮው ለመትከል የሚያስብ የሆሳዕና ሰው ግን ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው የመሬት ጥያቄ ነው። በሀዲያና በከምባታ ጓሮው ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። እንሰት ከቤቱ አጠገብ የሚተከለው የከብቱን ፍግ በቅርብ እንዲያገኝ ነው፤ የቆጮውም ዋስትና እርሱ ነው። ይህን መሬት ለፍራፍሬ መልቀቅ ከቶ አይገባም። ሆኖም ወይን ከምድር የሚሻው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ የቀረውን ከደጃፍ መተላለፊያ በላይ በተሠራ ዳስ ላይ ይዘረጋል። ከሙያችን አንጻር መታሰብ ያለበት የቅጠሉ፣ የዘለላውና የነፋሱ ሸክም ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚም ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀድሞ ይበሰብሳልና በድንጋይ መሠረት ላይ ቢቆም ይመረጣል።

ሁለተኛው የዝናብ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ከአሜሪካ የመጣ፣ እርጥበት የሚወድ ሻጋታ በፈረንሳይ ወይን ላይ ታየ። በቦርዶ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች መንገደኛ ዘለላውን እንዳይቀጥፍ በመንገድ ዳር ያለውን ተክል የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ይረጩት ነበር። ፕሮፌሰር ሚላርዴ የተረጨው ተክል ከበሽታው መዳኑን አስተውሎ በ1885 መድኃኒቱን ለዓለም አሳወቀ።

ለእኛ ግን ከመድኃኒቱ በፊት የሚቀድመው የመግረዣ ጊዜ ነው። ወይንን በአውሮፓ ብርዱ ያስተኛዋል፤ በእኛ አየር የሚያስተኛው ክረምት ስለሌለ እንደገና የሚያስጀምረው መቀሱ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ የተገረዘ ሐረግ አበባውንና ፍሬውን በበጋው ደረቅ ወራት ይሰጣል፤ በዚህም ከሻጋታው ብዙውን ያመልጣል። ይህ ካልተጠበቀ ልፋቱ ሁሉ በዝናብ ይበሰብሳል።

ስለሆነም ወይን ወደ እንሰት ጓሮ ሊገባ የሚገባው ቦታውን ወስዶ ሳይሆን ከበላዩ ተዘርግቶ፣ ወራቱንም ጠብቆ ነው።