የቤት ሙዚቃ መዝገብና የባለቤትነቱ ታሪክ

በየቤቱ የተከማቹትን ሸክላዎች፣ ካሴቶችና ሲዲዎች በኮምፒዩተር ለመመዝገብ ያሰበ ሰው በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ መልሱን ከመፈለግ አስቀድሞ አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሶኒና ፊሊፕስ በኅብረት የሠሩት ሲዲ ለገበያ የቀረበው በ1982 ነው። ሲዲው ከሙዚቃው ሌላ በመሠረቱ የያዘው እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ደቂቃና ሰኮንድ እንደሚጀምር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበር። የዘፋኙም ሆነ የዘፈኑ ስም አልተጻፈበትም። ስም መያዝ የሚችለው ዓይነት በ1996 ቢመጣም በሰፊው አልተለመደም።

በ1993 ገደማ ቲ ካን የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲዲ የሚያጫውት ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ለዚህ ጉድለት መላ አገኘለት። የየዘፈኑ መነሻ ጊዜ በሰኮንድ ይወሰድና የቁጥሩ አሃዞች ይደመራሉ፤ ለምሳሌ በ182ኛው ሰኮንድ ለሚጀምር ዘፈን 1+8+2=11 ይሆናል። የሁሉም ዘፈኖች ድምር ለ255 ተካፍሎ ቀሪው ይያዛል። ከዚህ ጋር የሲዲው ጠቅላላ ርዝመትና የዘፈኖቹ ብዛት ሲቀናጅ የሲዲው መለያ ቁጥር ይገኛል። (የሒሳብ መምህራን ስለ ቀሪ ሲያስተምሩ ቢጠቀሙበት ጥሩ ምሳሌ ነው።) ዘዴው ፍጹም አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ሲዲዎች አንድ ቁጥር የሚጋሩበት ጊዜ አለ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ስም አይሆንም። ስሙን የሞሉት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። በየአገሩ ያሉ ሙዚቃ አፍቃሪዎች ያላቸውን ሲዲ እያዩ የዘፈኖቹን ርእስ በመተየብ ያለ ክፍያ ይልኩ ነበር። ሲዲዲቢ የተባለው ይህ መዝገብ በስቲቭ ሸርፍ ተባባሪነት በኢንተርኔት ለሁሉም ተደራሽ ሆነ።

ነገሩ የተለወጠው በ1998 መዝገቡ ኤስየንት ለተባለ ኩባንያ በተሸጠ ጊዜ ነው። በ2000 ስሙ ግሬስኖት ተባለ፤ በ2001 ደግሞ ፈቃድ ያልወሰዱ ፕሮግራሞች እንዳይጠቀሙበት ተደረገ። በ2008 ሶኒ ግሬስኖትን በ260 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። በነጻ ሲተይቡ የኖሩት ሰዎች ከዚህ ሽያጭ የደረሳቸው የለም። ለኩባንያው መከራከሪያ አይጠፋም፤ ለመሣሪያውና ለሠራተኛው ገንዘብ ያስፈልጋልና። ቢሆንም ብዙዎች የራሳቸው ሥራ እንደ ተወሰደባቸው ቆጠሩት፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

ከቁጣው ሁለት ሥራዎች ተወለዱ። አንዱ ቀድሞ በነጻ የተለቀቀውን መዝገብ ይዞ የቀጠለው ፍሪዲቢ ነው። ሁለተኛው ሮበርት ኬይ የመሠረተው ሙዚክብሬይንዝ ሲሆን፣ ከ2004 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው።

ወደ እኛ ሙዚቃ ስንመለስ ችግሩ ይደራረባል። የመጀመሪያው የሲዲዲቢ መዝገብ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተውም በ1999 ነው። ስለዚህ የአማርኛ ዘፈን ርእስ በላቲን ሲጻፍ አንዱን ቃል ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ያደርገዋል። ከዚህም በላይ ብዙ ሶፍትዌሮች ስምን የሚደረድሩት በመጨረሻው ቃል ነው። በእኛ ዘንድ ግን የመጨረሻው የአባት ስም በመሆኑ፣ ጥላሁን ገሠሠን «ገ» ሥር የሚፈልግ ሰው አይኖርም። ካሴትማ ጭራሽ የጊዜ ሠንጠረዥ ስለሌለው ኮምፒዩተር አይለየውም፤ ሁሉም በእጅ ይተየባል።

ብዙ ምሽት የፈጀ የእጅ ሥራ እንዴት ባለ ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ መጠየቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌር ሲመረጥ የሽፋን ሥዕሉ ማማር ወይም ስም በራሱ መፈለጉ ብዙም ሊያጓጓ አይገባም። አሥር ካሴት ብቻ መዝግቦ፣ ዝርዝሩን ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው ተራ ሠንጠረዥ መልሶ ለማውጣት መሞከር ይበልጣል። የግዕዙ ፊደል ሳይበላሽ ከወጣ ደህና ነው፤ ካልወጣ ግን ፕሮግራሙ በነጻ ቢሰጥም እኔ አልወስደውም።

ፍሪዲቢ በ2020 ተዘጋ። መዝገቡን ግን ማንም ሰው ሙሉ ቅጂውን መውሰድ ይችል ስለነበር ሌሎች ተቀብለው ግኑዲቢ በሚል ስም አስቀጠሉት።