ስለ ተገኘው ጀበና፦ ጥንታዊ ነው ወይስ አይደለም?



ባለፈው በጋ የዕቃ ቤታችን መሠረት ሲቆፈር፣ አንገቱ የተሸረፈ፣ ሆዱ ላይ የመስቀል ጥለት ያለበት የሸክላ ጀበና መውጣቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከዚያን ዕለት ወዲህ በየድንኳኑ ወሬው እሱ ሆኗል። አንዱ «የዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ የትናንት ነው» ይላል። በመካከሉ አንድ ዕቃ ገዥ መጣና ኮሚቴውን «ጥንታዊ መሆኑን በማኅተማችሁ አረጋግጣችሁ ብትጽፉልኝ ዋጋውን እጥፍ አደርገዋለሁ» አለ። ድንኳናችን ማርጀቱን፣ ወንበራችን መጉደሉን የማያውቅ የለምና ነገሩ ብዙ ሰው አጓጓ። ዕድሜዬን በጸሐፊነት ስለ ፈጸምኩ ደብዳቤውን እንዳረቅ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። አላረቀቅሁም። ለምን እንደ ሆነ ላስረዳችሁ።

በመጀመሪያ በዚህ ነገር ከእኛ እጅግ የተማሩ ሰዎች እንዴት እንደ ተታለሉ ላጫውታችሁ። በኒውዮርክ ከተማ ያለው ሜትሮፖሊታን የተባለው ታላቅ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1921 ባለው ጊዜ ከኢጣልያ ሦስት ትልልቅ የሸክላ ሐውልቶች ገዛ። ሁለቱ የጦረኛ ምስል ሲሆኑ አንዱ የራስ ቁር የደፋ ትልቅ ራስ ነበር። ሮማ ገና ሳትገን በኢጣልያ ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን የሠሩት ነው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ተባለ። በ1933 ለሕዝብ ታዩ፤ በ1937 የሙዚየሙ ሊቅ ጂዜላ ሪክተር ስለ እነሱ ጽፋ አሳተመች። ማን ይጠራጠር?

በ1960 ግን የዚያው ሙዚየም ባልደረባ ጆሴፍ ኖብል የሐውልቶቹን ጥቁር ቀለም አስመረመረ። በቀለሙ ውስጥ ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን ተገኘ። የጥንቶቹ ሰዎች ደግሞ ጥቁሩን የሚያወጡት ብረት ካለበት ጭቃና ከእቶኑ ጭስ እንጂ በማንጋኒዝ አልነበረም። በጥር 1961 አልፍሬዶ ፊዮራቫንቲ የሚባል ሰው ሮማ ላይ በአሜሪካ ቆንስል ፊት ቀርቦ «ከጓደኞቼ ጋር የሠራነው እኛ ነን» ብሎ ፈረመ። ታዲያ ማስረጃው ምን ነበር? ከአንዱ ጦረኛ እጅ አውራ ጣት ጎድሎ ነበር፤ ሰውየው ያንን ጣት ለዓመታት አስቀምጦት ኖሯል። ቢገጥሙት ልክክ አለ! ሐውልቶቹን የሚችል ትልቅ እቶን ስላልነበራቸው፣ ጭቃው ሳይጠበስ ሰባብረው ስብርባሪውን እንደ ጠበሱት ታወቀ። ያ ስብርባሪ ነው እንግዲህ ጥንታዊ ያስመሰለው።

ከዚህ የምንማረው መሰበር፣ አፈር መልበስና የሊቅ ምስጋና የዕድሜ ማስረጃ አለመሆናቸውን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጀበና እንመለስ። ከአባሎቻችን መካከል ልጅነታቸውን በሸክላ ሥራ ያሳለፉ አንዲት እናት አሉ። ቀድሞ ሸክላ ሠሪን እንንቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ዳኛ ሆነው የተገኙት እሳቸው ናቸው። ጀበናውን አገላብጠው አዩና «ወንድሜ፣ ይኼ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ቡና ሲፈላበት የኖረ ነው» አሉኝ። ቂጡ ላይ ጥላሸቱ ተደራርቦ ጠጥሯል። «በእጅ መሠራቱስ?» ብላቸው «ዘንድሮም እኮ በእጅ ነው የሚሠራው» ብለው ሳቁብኝ። እውነት ነው፤ በእጅ መሠራቱ ዕድሜውን አይነግረንም።

ሁለተኛው ነገር ቡናው ራሱ ነው። ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። የደጋው ክርስቲያን ግን ቡናን እንደ ልቡ መጠጣት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ሙስሊሙ ወገናችን ቀድሞ ይጠጣው ነበር፤ የኛ ጀበና ግን መስቀል አለበት። ስለዚህ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ማለት አያስኬድም።

ሦስተኛው ከጀበናው ጋር የወጣው ነው። ቆፋሪዎቹ እንደ ነገሩኝ ከጀበናው ሥር የቆርቆሮ ምስማር ተገኝቷል። አፈሩ ካልተነካካ በቀር ከሥር ያለው ቀድሞ የገባ ነው፤ ከላይ ያለው ኋላ። ነገር ግን አፈሩን በዶማ አተራምሰን ስለ ደፋነው ይህን ማስረጃ እኛው አበላሸነው። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ሥራው ይቁም፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ጥልቀቱ ይለካ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነ ምርመራም አለ። ሸክላ በእሳት ሲጠበስ የቀድሞ ሒሳቡ ተዘግቶ አዲስ መዝገብ ይከፈትለታል እንደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከራሱና ከከበበው አፈር የሚወጣው ጨረር በውስጡ ኃይል ያጠራቅማል። በቤተ ሙከራ እንደገና ሲያግሉት ያ ኃይል እንደ ጭላንጭል ብርሃን ይወጣል፤ ብርሃኑ በርከት ካለ ብዙ ዘመን አልፏል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዳብሯል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው እንጂ የዕድር ማኅተም ሥራ አይደለም።

በበኩሌ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ ጀበናው የአንዲት አያት ጀበና ነው። ዕቃው ሐሰተኛ አይደለም፤ ሐሰተኛ የሚሆነው ደብዳቤያችን ነው። ያ ማኅተም የሟች ቤተሰብ ለጡረታ ጉዳይ የቀብር ማስረጃ ስትጠይቀን የምናሳርፍላት ማኅተም ነው። አንድ ቀን ስለ ጀበና ከዋሸ፣ ነገ ባሏ የሞተባት እናት ደብዳቤውን ይዛ ስትሄድ ማን ያምናታል?

ደግሞም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ደብዳቤው እንዳይጻፍ፣ ጀበናውም ሳይታጠብና ሳይሸጥ ለባህል ቢሮ እንዲታይ ነው። «ቅርስ አይደለም» ብለው ከመለሱልን በዕቃ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ለድንኳኑ ግን እንደ ወትሮው እናዋጣ።

እግዚአብሔር ዕድራችንን ይጠብቅ።