ውርጭን የቀደመ ዘር፦ የግዙፉ ዱባ ታሪክ በብርድ አገር

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል የአማርኛ ተረት። ሁለቱ ተክሎች በቅጠላቸውና በአሳሳባቸው ቢቀራረቡም የትውልድ አገራቸው እጅግ የተራራቀ ነው። ቅል አፍሪካዊ ነው፤ ዱባ ግን የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ተወላጅ ሲሆን ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጨው ኮሎምቦስ በ1492 ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዱባ ዘሮች መካከል በክብደት ወደር ያልተገኘለት ዓይነት የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። የሚያስገርመው ግን፣ ይህ ሙቀት ወዳድ ተክል ስሙን የተከለው በትውልድ አገሩ ሳይሆን ግማሹን ዓመት ብርድ በሚገዛው በሰሜኑ ምድር መሆኑ ነው። ይህስ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ችግሩን መረዳት ያሻል። ግዙፍ ዱባ ከዘር እስከ መከር ከ120 እስከ 150 ቀን ያህል ይፈልጋል። እንደ ካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ባሉ አገሮች ደግሞ የጸደይ ውርጭ እስከ ግንቦት ወር ድረስ ሊዘልቅ፣ የበልጉም ውርጭ ገና በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ሊመለስ ይችላል። የደጋ ገበሬ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንዲት የውርጭ ሌሊት የወራት ድካምን አጥቁራ ታድራለች። ከዚህም ሌላ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የገባ የዱባ ዘር ከመብቀሉ በፊት ይበሰብሳል። እንግዲህ ገበሬው ቢቸኩል ዘሩን ያጣል፤ ቢዘገይ ፍሬው ሳይወፍር ውርጭ ይደርስበታል። ከዚህ አጣብቂኝ ያወጣው ብልሃት፣ ዘሩን ከደጅ በፊት በመጠለያ ውስጥ ማስጀመር ነው።

ብልሃቱ ከዱባው በብዙ ዘመን ይቀድማል። ሮማዊው ጸሐፊ ሽማግሌው ፕሊኒ እንደተረከው፣ ጢባርዮስ ቄሳር የዱባ ዘመድ የሆነውን ኪያር በየቀኑ ከማዕዱ አያጣም ነበር። አትክልተኞቹም መደቡን መንኰራኵር አበጅተውለት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ደጅ ይገፉታል፤ ብርድ ሲመጣም ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ ወደ ተሸፈነ መጠለያ ይመልሱታል። ከዘመናት በኋላ የአውሮፓ አትክልተኞች ለዚሁ ዓላማ የፈረስ ፋንድያን ተጠቀሙ። ትኩስ ፋንድያ ተከምሮ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል፤ በላዩ አፈር ይደለደላል፣ አፈሩም በመስታወት ይከደናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ አትክልተኞች በእንዲህ ያለው መደብና በደወል ቅርጽ በተሠራ መስታወት በክረምት እምብርት ሰላጣ ለገበያ ያቀርቡ ነበር። ነገሥታት ብቻ የሚያገኙት የነበረው ሙቀት እንዲህ ባለ መንገድ ፋንድያ ወዳለው ሰው ሁሉ እጅ ገባ።

የግዙፉ ዱባ ውድድር ዝና የገነነውም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በካናዳ የጎደሪች ከተማ ነዋሪ የነበረው ዊልያም ዋርኖክ በ1893 በቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት 165 ኪሎ ያህል የሚመዝን ዱባ አቀረበ። በ1900 ወደ ፓሪስ የላከው 181 ኪሎ፣ ቀጥሎ ያበቀለውም 183 ኪሎ ያህል ነበር። ይህ የመጨረሻው ክብር እስከ 1976 ድረስ ሳይሰበር ቆየ። ከዚያ ወዲህ የኖቫ ስኮሺያው ገበሬ ሃዋርድ ዲል ለዓመታት ዘር እየመረጠና እያዳቀለ «አትላንቲክ ጃያንት» የተባለውን ዝርያ አወጣ። ከ1979 እስከ 1982 አራት ዓመት በተከታታይ የዓለም አሸናፊ ሆነ፤ በ1981 ያቀረበው ዱባ 224 ኪሎ ያህል መዝኗል። ዲል በ2008 ቢያርፍም፣ ዛሬ በውድድር ሜዳ የሚታዩት ግዙፍ ዱባዎች ከሞላ ጎደል የእርሱ ዘር ልጆች ናቸው።

ሆኖም የተመረጠ ዘር ጊዜ ካላገኘ ተስፋ ሆኖ ይቀራል። በሰሜኑ አገር ዘሩ የሚዘራው በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ በቤት ውስጥ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ሥር የሚወጣበት ሹል ጫፍ ሳይነካ ጠርዙ በሞረድ በቀስታ ይፋቃል። ከዚያም 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ አፈር ይቀበራል፤ የፋንድያውን ሥራ አሁን የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ተክቶታል። የዱባ ሥር መነካት ስለማይወድ፣ ብዙዎች አፈር ውስጥ ገብቶ የሚበሰብስ ማሰሮ ይመርጣሉ። የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል እንደተዘረጋ ችግኙ አስቀድሞ በላስቲክ ሽፋን ወደሞቀ መሬት ይዛወራል፤ ለጥቂት ሳምንታትም ትንሽ የላስቲክ ቤት ይሠራለታል። የዚህ ሁሉ ጥድፊያ ዓላማ አበባው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ እንዲዳቀል ማድረግ ነው። ፍሬው በቀን ከ20 ኪሎ በላይ ሊጨምር የሚችልበት ወቅት ከረዥሙ ቀንና ከሞቃቱ ሌሊት ጋር እንዲገጥም ያስፈልጋልና።

ነገር ግን መቅደም ሁሉ ጥቅም አይደለም። ደጁ ሳይዘጋጅለት በመጋቢት የተዘራ ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል፤ ሥሩም በጠባቡ ማሰሮ ውስጥ ይጠማዘዛል። እንዲህ ያለውን ችግኝ ኋላ የተዘራው ጤነኛ ችግኝ ይቀድመዋል። ስለዚህ የሰሜኑ ገበሬ የሚቆጥረው ዘሩ የሚበቅልበትን ቀን ብቻ ሳይሆን መሬቱ የሚቀበልበትን ቀን ጭምር ነው።

በ2023 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ ክረምቷ በበረዶ በታወቀችው ግዛት የበቀለ ዱባ ወደ ካሊፎርኒያ ተወስዶ 1,247 ኪሎ ያህል መዘነ። በ2025 ደግሞ እንግሊዛውያን መንትያ ወንድማማቾች በመጠለያ ያሳደጉት 1,278.8 ኪሎ ደርሶ ክብሩን ወሰደ። ከዋርኖክ ዱባ ሰባት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ተመልካቹ በጥቅምት በሚዛን ላይ የሚያየው ይህንን ክብደት ነው፤ የድሉ መሠረት የተጣለው ግን በሚያዝያ፣ ደጁ ገና በብርድ ሳለ፣ አንዲት ዘር በሞቀ ማሰሮ አፈር በለበሰች ጊዜ ነው።