የላቦራቶሪ ማድረቂያ ምድጃ

ናሙናና የብርጭቆ ዕቃ በደረቅ ሙቀት የሚደርቅበት ወይም የሚመክንበት የኤሌክትሪክ ሣጥን። የአፈር እርጥበት ለመለካት ናሙናው በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም፣ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ዕቃ ለማምከን የተለመደው 160 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ነው።

ምድጃው ሙቀት በሚችል ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሶኬቱም የመሬት መስመር ያለው መሆን አለበት። መደርደሪያው ከተጨናነቀ አየር አይዘዋወርም፤ ያኔ በማሳያው ላይ የሚታየው ቁጥር የናሙናውን ሙቀት ስለማይነግር በሌላ ቴርሞሜትር ማመሳከር ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በአሴቶን ወይም በኤታኖል የታጠበ ዕቃ ፈሳሹ ተንኖ ሳያልቅ ማስገባት ነው። ተኑ በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላል፤ ለዚህ ጥድፊያ ምንም ምክንያት አይበቃም። ልክ የተመዘገበባቸው የብርጭቆ መስፈሪያዎች ግን ሙቀት ልካቸውን ሊያዛባ ስለሚችል በክፍሉ አየር ቢደርቁ ይመረጣል።