ከባሌስትራ እስከ ቱቦላሬ

ጂንካ ከተማ በምበይድበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የላንድክሩዘር ባሌስትራ ተሰቅሏል። አንድ ቅጠል ይጎድለዋል። የጎደለውን የወሰደው የአሪ አንጥረኛ ነው፤ በእሳት አለስልሶ ሁለት ቆንጨራ አወጣበት፣ አንዱንም ለእኔ ሰጠኝ። ልጆቻችን ከአሮጌ መኪና ቀላል የውድድር መኪና እንሥራ ሲሉኝ የማሳያቸው ይህንን ነው።

በአሪ ዘንድ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው «ማና» ይባላል። ገበሬው ዶማና ማጭዱን ከእሱ እየገዛ አብሮት አይበላም፣ ከእሱም ጋር አይጋባም ነበር። የተናቀው እጅ ግን ስብርባሪ ብረት ምን እንደሚወጣው ያውቅ ነበር። ወደ ቆላው ብንወርድም ዕውቀቱ አለ፤ በሐመር የጥይት ቀለህና ያረጀ የአልሙኒየም ድስት አምባር ይሆናል፣ የዳሰነች ሴቶች የጠርሙስ ቆርኪ ደርድረው የራስ ጌጥ ይሠራሉ፣ ያለቀ ጎማም ጫማ ሆኖ ገበያ ለገበያ ይዞራል።

የጋራዡ ቋንቋ ሌላ ታሪክ ይነግረናል። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወሮ ተባረረ፤ የመኪናው ቋንቋ ግን እዚሁ ቀረ። መኪና ፈትቶ ዕቃውን መለየትን ግን በራሳችን ቃል «ማረድ» እንለዋለን። ቃሉ ከብት ከሚያውቅ ሕዝብ የወጣ ነው፤ ከታረደ በሬ ቆዳውም ቀንዱም አይጣልም።

ልጆቹ ወደሚመኙት ቀላል የውድድር መኪና ስንመለስ፣ እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን በ1957 እ.ኤ.አ. ሎተስ ሰቨን የተባለውን መኪና ሲያወጣ ምስጢሩ ክብደት መቀነስ ነበር፤ መኪናው ግማሽ ቶን ገደማ ነው የሚመዝነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮን ቻምፒየን ማንም ሰው ከአንድ አሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ሞተር፣ ካምቢዮና የኋላ አክስል አውጥቶ ራሱ በበየደው የቱቦላሬ ሻንሲ ላይ እንዲገጥም የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ኤስኮርት በእኛ አገር እንደ ልብ አይገኝም፤ የቀድሞው ኮሮላ ዲኤክስ ግን አለ። እሱም የሚነዳው በኋላ ጎማው ነው፤ ሊታረድ የሚገባው እሱ ነው።

ልጆቹን ሁለት ነገር አጥብቄ አስተምራለሁ። ቱቦላሬው በሦስት ማዕዘን ካልተያያዘ ሻንሲው መታጠፊያ ላይ ይጠማዘዛል። መሪና ፍሬን ላይ ደግሞ በብየዳ የተቀጠለ ዕቃ አይገጠምም፤ ሲሰበር ሰው ይገድላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንጥረኛው ባሌስትራውን ሲያይ የጠየቀው ጥያቄ ነው፦ የቱ ይቅር? የቱ ይዳን?

በጂንካ የሙያ ትምህርት ለምትሰጡ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ብየዳ የምታስተምሩበት ክፍል ውስጥ የማናውን አንጥረኛ አስገቡት፤ እንግዳ አድርጋችሁ ሳይሆን መምህር አድርጋችሁ። ከሞተ ብረት ሕይወት ማውጣትን ከሁላችንም በፊት የጀመረው እሱ ነው።