ለዓመታት የቆየ የቤተሰብ ኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚጸናበትና የሚሻርበት ሁኔታ

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የትዳር ጓደኞቻቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን ለመውሰድ ያስገቧቸው ማመልከቻዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ይጸኑ እንደሆነ ባለጉዳዮች ደጋግመው ይጠይቃሉ። በአገሪቱ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት አይ-130 በተሰኘው ቅጽ ቀርቦ የጸደቀ ማመልከቻ የማብቂያ ጊዜ አልተወሰነለትም። በመሆኑም ዕድሜው ስለገፋ ብቻ አይሻርም።

ማመልከቻው የገባበት ቀን የባለጉዳዩ ተራ መያዣ ሆኖ ያገለግላል። የአሜሪካ ዜጋ ወላጆች፣ የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች በኮታ አይገደቡም። ሌሎች ቤተሰቦች ግን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚያወጣውን የቪዛ መግለጫ እየተከታተሉ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የዜጎች ወንድሞችና እህቶች የሚጠብቁበት ጊዜ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የሚደርስ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ግን ማመልከቻውን ሊያፈርሰው ይችላል። አመልካቹ ጥያቄውን ካነሳ፣ ከትዳር ጓደኛው ከተፋታ ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱን ካጣ ማመልከቻው ይሻራል። ብዙዎች ሳያውቁት የሚጎዱበት ግን ጋብቻ ነው። አመልካቹ ዜግነት ያላገኘ የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆነ፣ ልጁ ባገባ ጊዜ ማመልከቻው በሕጉ ኃይል ይሻራል፤ አባት ወይም እናት ከዚያ በኋላ ዜጋ ቢሆኑም አይመለስም። አመልካቹ አስቀድሞ ዜጋ ከሆነ ግን የልጁ ጋብቻ የሚለውጠው ምድቡን ብቻ ሲሆን፣ ተራ መያዣ ቀኑ እንደተጠበቀ ይቆያል። ሠርጉ አዲስ አበባ ላይ ከወላጁ የዜግነት ቃለ መሐላ በአንድ ሳምንት ቢቀድም የዓመታት ጥበቃ ከንቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አመልካቹ ሲሞትም ማመልከቻው በመርህ ደረጃ ይሻራል። ይሁንና ከሞቱ በፊት ጸድቆ ከነበረ በሰብዓዊነት ምክንያት እንዲታደስ መጠየቅ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግም ሌላ የቅርብ ዘመድ በሟቹ ምትክ የገንዘብ ዋስትና እንዲገባ ፈቅዷል። ፈቃዱ ግን በባለሥልጣናቱ ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሌላው አደጋ ዝምታ ነው። ቪዛው መድረሱ ከተገለጸለት ቀን አንስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቪዛ ያላመለከተ ሰው ምዝገባው ይሰረዛል። ማስታወቂያው በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መዘግየቱ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ካስረዳ ሊመለስለት ይችላል። ከ15 ዓመት በፊት የተሞላው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ዛሬ የሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል አድራሻን ማሳወቅና ከብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ጋር በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መገናኘት ያስፈልጋል።

ማመልከቻው ቢጸናም አብረው የሚሄዱ ልጆች ሊቀሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2002 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከልጁ ዕድሜ ላይ የሚቀንሰው ማመልከቻው ውሳኔ እስኪያገኝ የቆየበትን ጊዜ ነው። ከጸደቀ በኋላ ተራ ሲጠበቅ ያለፈው ጊዜ አይቀነስም። በዚህም የተነሳ አጎቱ ለአባቱ ሲያመለክት የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ፣ ተራው ሲደርስ 21 ዓመት አልፎት ከቤተሰቡ ተለይቶ ሊቀር ይችላል።

በአገር ውስጥ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ የሚሰጡ ሠራተኞችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ የትውልድ ዓመት ሳይቀየር እንደ አውሮፓውያን ከተጻፈ ባለጉዳዩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ከዕድሜው በላይ ሆኖ ይታያል። የአያት ስም አጻጻፍም በቀድሞው ማመልከቻ ላይ ከሰፈረው ከተለየ ማንነትን እንደገና ማስረዳት ይጠይቃል። በ2004 ዓ.ም. ከወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በፊት በቀበሌ የተሰጡ ማስረጃዎች በተለይ ጥንቃቄ ይሻሉ።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2026 ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠትን እንደሚያቋርጥ አስታውቋል። እንዲህ ያለው እገዳ የቪዛ አሰጣጡን የሚመለከት ሲሆን፣ የጸደቀን ማመልከቻም ሆነ ተራ መያዣ ቀንን በራሱ አይሽርም። ተራ ሲደርስ ማመልከቻው አዲስ ባይሆንም የጤና ምርመራው፣ የፖሊስ ማስረጃውና ገቢው ከድህነት ወለሉ በአብዛኛው 125 በመቶ መድረሱን የሚያሳየው የዋስትና ሰነድ እንደ አዲስ ይቀርባሉ።