የኒኮቲን ማስቲካንና ፕላስተርን ቀስ በቀስ ማቆም

ሲጋራ ያቆመ ሰው አምሮቱን ለማስታገስ የሚጠቀምበት የኒኮቲን ማስቲካ ወይም በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር በድንገት ሲቋረጥ፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ተከትሎ ወደ ሲጋራ ሊመልስ ይችላል።

ፕላስተር፦ በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ያጨስ የነበረ ሰው በተለምዶ ለ6 ሳምንታት 21፣ ለ2 ሳምንታት 14፣ በመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት 7 ሚሊ ግራም ይጠቀማል።

ማስቲካ፦ እስከ 6ኛው ሳምንት በየ1 እስከ 2 ሰዓት፣ እስከ 9ኛው በየ2 እስከ 4፣ እስከ 12ኛው በየ4 እስከ 8 ሰዓት ይታኘካል። ቡና ኒኮቲኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ ከማኘክ 15 ደቂቃ በፊት አይጠጣም።

አምሮቱ ከበረታ ወደ ቀደመው መጠን መመለስ ሲጋራ ከመለኮስ እጅግ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማጨስ የተከለከለባቸው የዓለም ገናና የሰበታ ምግብ ቤቶችም ፈተናውን ያቀልላሉ። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕሙማን አስቀድመው የጤና ባለሙያ ያማክሩ።